ቀይ አፈርን በሻንጣ ይዞ ላለመመለስ፦ በጉዞ መኪና የተጫነ ዕቃን ከአቧራ ለመጠበቅ

ወደ ኦሞ ሸለቆ ይዣቸው ከሄድኳቸው የመጀመሪያ እንግዶች አንዷ ቱርሚ ካምፕ እንደደረስን ሻንጣዋን ከፈተች። ነጭ ሸሚዝ አውጥታ አራገፈች። ሽሮ የተነፋበት ይመስል ነበር። ሴትየዋ ደግ ነበረችና ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሻንጣውን ከሁሉም በታች ያስቀመጥኩት፣ ሸራ ያለበስኩት፣ በገመድ የጠፈርኩት እኔው ነኝ። መስኮትም የኋላ በርም ዝግ ነበር። ታዲያ አቧራው በየት ገባ?

መልሱን ለማግኘት ጥቂት ዓመት ፈጀብኝ። አጭሩ ይኸው፦ ብዙዎቻችን ሥራውን ከመጨረሻው እንጀምራለን። ሸራ እንገዛለን፣ ፌስታል በፌስታል ላይ እንደርባለን። መኪናው ግን አቧራውን እንደ ወንፊት ሳይሆን እንደ ፓምፕ እየሳበ ያስገባዋል። መጀመሪያ ፓምፑን ማቆም፣ ቀጥሎ ቀዳዳውን መድፈን፣ ከዚያ ሳጥኑን ማስተካከል፣ መጠቅለሉን መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ከያዛችሁ ግማሹ ወጪ ይቀርላችኋል።

አሁን አስፋልቱ ብዙ ቦታ ደርሷል። ግን ከጂንካ ወደ ማጎ ፓርክ ስትወርዱ፣ ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ስትገቡ፣ ወይም በአፋር ሜዳ ወደ ኤርታሌ ስታቀኑ ኮረኮንቹና ዱቄቱ አሁንም ይጠብቃችኋል።

መጀመሪያ፦ አቧራው ለምን ከኋላ እንደሚገባ

ኮረኮንች ላይ የዋለ መኪና እዩ። የፊት መስታወቱ ደህና ነው። የኋላው ግን ስም ይጻፍበታል። ላንድክሩዘርም ሚኒባስም ጀርባቸው እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ ነው። ሲሮጡ አየሩን ሰንጥቀው ያልፉና ከኋላቸው ጎድጓዳ ክፍተት ይተዋሉ። ጎማው ያስነሳው አቧራ ወደዚያ ክፍተት ይጠቀለላል። ስለዚህ የኋላ በራችሁ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ደመና ውስጥ ነው።

ይህ ብቻውን ዕቃ አያበላሽም። ችግሩ የሚመጣው ውስጥ ያለው አየር ሲጎድል ነው። የፊት መስኮት ትንሽ ከፈት ስታደርጉ በጎን የሚያልፈው ፈጣን አየር የውስጡን አየር ስቦ ያወጣዋል። የወጣው አየር ምትክ ይፈልጋል። ምትኩ ደግሞ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፣ በኋላ በር ጠርዝም፣ በወለል ቀዳዳም። እዚያ ያለው አየር ደግሞ ግማሹ አፈር ነው። «ትንሽ ንፋስ ይግባ» ብላችሁ የከፈታችሁት መስኮት ከኋላ አቧራ ይጠራል ማለት ነው።

በዚያው መንገድ የሚገባ ከአቧራ የባሰ ነገርም አለ። የማርሚታው ጭስ የሚጠቀለለው እዚያው ጀርባ ላይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የኋላ በርን ከፍቶ በገመድ አስሮ ረጅም ዕቃ ጭኖ መንዳት ስለዚህ ቀልድ አይደለም። በሩ የሚያፈስ መኪናም ቢሆን ለሻንጣው ብቻ ሳይሆን ከኋላ ለተቀመጠው ሰው ሲባል መሠራት አለበት።

ቀዳዳ ፍለጋ

ከመግዛት በፊት መፈለግ ይቀድማል። አራት ሙከራ አለ። ሁሉም ርካሽ ነው።

የመጀመሪያው በወረቀት ነው። አንድ ሉክ ወረቀት በበሩ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ በሩን ዝጉና ወረቀቱን ጎትቱ። ጎሚኒው፣ ማለትም በበሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ፣ በደንብ ከነከሰው ወረቀቱ እየተንገራገጨ ይወጣል። ዝም ብሎ ከተንሸራተተ እዚያ ቦታ ክፍተት አለ። በየመዳፍ ስፋት እየደጋገማችሁ ዙሪያውን ጨርሱ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው በጠመኔ ነው። ጎሚኒውን ዙሪያውን ጠመኔ ቀቡት፣ በሩን አንዴ ዝጉና ክፈቱ። ጎሚኒው የነካው ብረት ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ጎሚኒው ብረቱን አልነካም።

ሦስተኛው ማታ ይሠራል። አንድ ሰው ጠንካራ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ከውጭ በጨለማ ይዙር። ብርሃን የሚወጣበት ሁሉ አቧራ ይገባበታል። መኪናው ሥርም ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። እኔ በዚህ መንገድ ማንም ያላሰበውን የአውራ ጣት ስፋት ያለው ቀዳዳ ወለሉ ላይ አግኝቻለሁ። ድሮ ተነቅሎ የወጣ መቀመጫ የብሎን ቀዳዳ ነበር።

አራተኛው ሙከራ አቧራው ራሱ ነው። ከአቧራ ጉዞ እንደተመለሳችሁ ምንም ሳትጠርጉ ምንጣፉን አንሱ፣ የጎን መሸፈኛውን እዩ። አቧራ ከጠባብ ቀዳዳ ሲገባ እንደ ጅራፍ ጫፍ ቀጥኖ ይጀምርና እየሰፋ ይሄዳል። የቀጠነውን ጫፍ ተከተሉ፣ ምንጩ ላይ ያደርሳችኋል።

ላቫጆ ላይ ውኃ መርጨትም ይረዳል፤ ውኃ ያስገባ አቧራ ያስገባልና። ግን ውኃ አላስገባም ማለት አቧራ አያስገባም ማለት አይደለም። አቧራው የበለጠ ቀጭን ነው። እኔ በውኃው ሙከራ ተማምኜ አንዴ ተሸውጃለሁ።

የኋላ በር

ጊዜያችሁንም ገንዘባችሁንም እዚህ ላይ አውሉ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር።

ሰው በር አፈሰሰ ሲባል ጎሚኒ ሊገዛ ይሮጣል። እኔም እንዲሁ አደረግኩ። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ጎሚኒ ገዛሁ። አንድ ባለሙያ ገጠመልኝ። በሚቀጥለው ጉዞ አቧራው እንደነበረው ገባ። ሌላ ወፍራም ጎሚኒ ገዛሁ። ጭራሽ በሩ አልዘጋ አለ፣ እንግዳው ፊት በትከሻዬ መግፋት ጀመርኩ። በመጨረሻ በዚህ ሥራ ያረጁ አንድ ሹፌር ኮንሶ ላይ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ጎሚኒውን ተወውና በሩን ወደ ላይ አንሳው» አሉኝ። እጀታውን ይዤ ወደ ላይ ስገፋው በሩ ቀጭ ቀጭ አለ። ማጠፊያው አልቆ ነበር።

የብዙ ላንድክሩዘርና ፕራዶ ስኮርታ የሚንጠለጠለው በኋላ በር ላይ ነው። ከቸርኬው ጋር ከባድ ነው። ኮረኮንች ላይ ለዓመታት ሲዘል ማጠፊያውን ይበላዋል። በሩ ወደ ታች ይዘምማል፣ ከላይ በኩል ክፍተት ይፈጠራል። እዚያ ላይ አዲስ ጎሚኒ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማጠፊያው፣ ቀጥሎ በሩ ሲዘጋ የሚነክሰው ብረት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ጎሚኒው። ማጠፊያውን ጥሩ ባትላሜራ ያስተካክለዋል። የሚነክሰውን ብረት ራሳችሁም ትችላላችሁ። ብሎኖቹን ላላ አድርጋችሁ ብረቱን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገፋ፣ መልሳችሁ ጥብቅ፣ ከዚያ በወረቀት ሙከራ። ከመንካታችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ዙሪያውን ማስመር አትርሱ። ካላሰመራችሁ መመለሻ የላችሁም።

ጎሚኒው ራሱ ሳይቀደድም ሊሞት ይችላል። በጣታችሁ ተጫኑት። ተጭኖ ካልተመለሰ፣ ወይም ለዓመታት የነከሰው መስመር እንደ ቦይ ተቀርጾበት ከቀረ፣ አልቆለታል። መኪናው የራሱ የሆነውን ጎሚኒ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ካላገኛችሁ በሜትር የሚሸጠው ውስጡ ክፍት የሆነው ይሻላል፤ ሲጫኑት ይተኛል። ድፍን ስፖንጅ ግን በአንድ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ይበሰብሳል። ስትገጥሙ መጋጠሚያውን በበሩ ላይኛ በኩል አድርጉት። ታች ካደረጋችሁት ያ መጋጠሚያ የአቧራ በር ይሆናል።

ማዕዘኖቹን ለብቻ እዩ። በሩ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ጎን በሚከፈት ላንድክሩዘር ሁለቱ በሮች መሐል የሚገናኙበት መስመር፣ በተለይ ከታችና ከላይ ጫፉ፣ ደካማው ቦታ ነው። ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች በሚከፈተው ደግሞ ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙበት ግራና ቀኝ ጥግ ነው። ለሚኒባስ ሰዎች የተንሸራታቹ በር የታችኛው ሐዲድ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው።

ስለ እንክብካቤ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም በየጋራዡ ስህተቱን አያለሁ። ጎሚኒ እንዲለሰልስ ብለው ግሪስ ወይም ቫዝሊን ይቀቡታል። የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ቀስ በቀስም ያበላሸዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ አቧራ ይይዛል። ቅባትና አፈር ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው፣ በሩ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ጎሚኒውን ይፍቀዋል። በሳሙና ውኃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ሲሊከን ስፕሬይ በጨርቅ ላይ ነፍታችሁ ስስ አድርጋችሁ አብሱት። ሲሊከን ከሌለ የሕፃን ፓውደርም ይሠራል።

ሌሎቹ ቀዳዳዎች፣ የማይደፈኑትም

ወለሉ ላይ ከፋብሪካ የተገጠሙ ክብ የጎማ መድፈኛዎች አሉ። አንዱ ወድቆ እንደሆነ እዩ። የኋላ መብራቶቹን ፍቱና ከሥራቸው ያለው ስፖንጅ መኖሩን አረጋግጡ። የአንቴና ሽቦ፣ የጋንቾ መብራት ሽቦ፣ ለተጨማሪ ባትሪ የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ ሲሊከን ይፈልጋል። የማርሹ ዘንግ ከወለሉ የሚወጣበት ጎማ ከተቀደደ ከአቧራው ጋር ሙቀትም ይሰዳል።

የማይነኩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በበሩ ሆድ ሥር ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። የዝናብ ውኃ መውጫ ናቸው። ከደፈናችኋቸው በሩ ከውስጥ ይዝጋል። ሁለተኛው ብዙ መኪና ላይ ከኋላ ጎን፣ ከመሸፈኛው ሥር ያለው የአየር መውጫ ነው። ቀጫጭን የጎማ ምላሶች አሉት፣ አየር ወደ ውጭ ያስወጣሉ፣ ወደ ውስጥ አያስገቡም። ምላሶቹ በጭቃ ደርቀው ተከፍተው ከቀሩ አጽዷቸው ወይም ለውጧቸው። ጨርሳችሁ አትድፈኑት። የውስጡ አየር መውጫ ካጣ የማራገቢያው ንፋስ አይገባም፤ ቀጥሎ የምንጠቀመው ደግሞ በሱ ነው።

ማራገቢያው

ፓምፑን ወደ ኋላ ማሽከርከር ማለት ይህ ነው። መስኮት ሁሉ ዝጉ። ክሩስኮቱ ላይ አየር ከውጭ የሚያስገባውን ምረጡ፣ ቀስቱ መኪናዋ ውስጥ የሚዞርበትን አይደለም። ማራገቢያውን ከፍ አድርጉት። አሁን ከፊት በኩል አየር እየገባ ውስጡን ይሞላዋል። የሞላው አየር በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይወጣል። ወደ ውጭ በሚነፍስ ቀዳዳ ደግሞ አቧራ አይገባም። ገንዘብ አያስወጣም፣ ሰው ግን አያደርገውም፤ ጩኸቱን ይጠላል።

ከኤፍኤስአር የጭነት መኪና ኋላ ስትቀሩ ወይም መኪና ፊት ለፊት ሲመጣ ለአጭር ጊዜ ወደ ውስጥ አዙሩት። ደመናው ሲያልፍ መልሱት። ብዙ ሹፌር ይህን መመለስ ረስቶ ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ኤሲው ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል፣ ኋላ ያለው ሻንጣ ግን አፈር ይጠጣል።

መኪናችሁ የውስጥ አየር ፊልተር ካለው ከጉዞ በፊት አውጥታችሁ እዩት፤ ከተዘጋ ማራገቢያው ባዶ ይጮኻል። ብዙ አሮጌ መኪኖች የላቸውም። ለነሱ ከፊት መስታወት ሥር ያለውን የአየር መግቢያ ከቅጠልና ከአፈር ማጽዳት ነው።

ሳጥኑ መተንፈሱ

ይህን ክፍል ለምን እንዳስረዘምኩት መቐለ ቁርስ በልቶ ማታ ዳሎል አጠገብ ሀመድ ኤላ ያደረ ሰው ይገባዋል።

መቐለ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በአንድ ቀን ይህን ያህል ስትወርዱ የውጭው አየር ግፊት ከሩብ በላይ ይጨምራል። መቐለ ላይ ክዳኑን ጠብቀን የዘጋነው 40 ሊትር የሚይዝ ሳጥን ሙሉ በሙሉ አየር የማያስገባ ካልሆነ፣ ታች ሲደርስ ከ7 እስከ 9 ሊትር ያህል የውጭ አየር ስቦ ጠጥቷል ማለት ነው። ያ አየር የመጣው ከየት ነው? ከመኪናው የኋላ ክፍል፣ አቧራ ከተነሳበት። ስንወጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሳጥኑ ያብጣል። ተራራ ላይ የቺፕስ ከረጢት ሲነፋ ያያችሁት ያንን ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ስንወርድም ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ እንላለን፣ ሳጥኑ እዚያም ይተነፍሳል።

ከፍታ ባይለወጥም ፀሐይና ሌሊት አሉ። ቀን ሲሞቅ አየሩ ሰፍቶ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይመልሳል። ሳጥን ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ አስፋልቱ ከማለቁ በፊት፣ ንጹሕ አየር ባለበት ቦታ ቁሙና ሳጥኖቹን ሁሉ ከፍታችሁ መልሳችሁ ዝጉ። መጠጣት ያለበትን አየር ከአቧራው በፊት ይጠጣ። አምስት ደቂቃ ነው፣ እንግዶቹም ለፎቶ ይወርዳሉ። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ መተንፈሱ ካልቀረ በማስክ ይተንፍስ። ክዳኑ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላት አንድ ቀዳዳ ብሱ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የአፍና የአፍንጫ ማስክ ካላችሁ ድርብርቡን ሳትለያዩ በአራት ማዕዘን ቁረጡና ከውስጥ በኩል ቀዳዳዋ ላይ ዙሪያውን በሲሊከን ለጥፉት። አየሩ በዚያ ያልፋል፣ አቧራው ማስኩ ላይ ይቀራል። የሚሠራው ግን ክዳኑ ዙሪያ ጎሚኒ ካለው ነው። ክዳኑ ክፍት ከሆነ አየሩ ቀላሉን መንገድ ይመርጣልና ማስኩ ጌጥ ይሆናል።

ሳጥን ስትገዙ ክዳኑን ገልብጡና ጎሚኒ እንዳለው እዩ። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የፕላስቲክ ሳጥኖች ክዳናቸው ቁጭ የሚል ብቻ ነው። መቆለፊያ ያላቸውም ቢሆን ክዳኑ መሐል ላይ ወደ ላይ ይነሳል። እንዲህ ያለውን ከገዛችሁ በኋላም ማዳን ይቻላል። አንድ በኩል ማጣበቂያ ያለው ቀጭን የመስኮት ስፖንጅ ዙሪያውን ለጥፉ፣ ከላይ ሁለት ቀበቶ አግድም እሰሩ። ከውድ ሳጥን የምመርጠው ግን 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ነው። ክዳኑ ውስጥ ጎሚኒ አለው፣ ክብ ስለሆነ ዙሪያው እኩል ይጠብቃል። ለመሣሪያ፣ ለገመድ፣ ለጫማ የሚተካው የለም። ለምግብ ግን ቀለም የነበረበትን አትንኩት።

ኋላ ላይ ከኮምፔንሳቶ መሳቢያ ያሠራችሁም አላችሁ። ያምራል። ግን መሳቢያ ፊቱ ላይ የሚተወው ክፍተት የሚገጥመው ከኋላ በሩ ጋር ነው። የመሳቢያውን ፊት ከፍሬሙ በሁለት ጣት አስፍታችሁ አሠሩት፣ ከጀርባው ስፖንጅ ይለጠፍበት። ሲዘጋ ፍሬሙን ይጫናል። ይህን ለአናጢው አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ የወጥ ቤት መሳቢያ ሠርቶ ይሰጣችኋል።

ዕቃ በዕቃ

ልብስ። ዚፕ አቧራ አያቆምም፤ ጥርሶቹ መሐል ክፍተት ነው። አፈሩ ደግሞ ዚፑን ይበላዋል። ልብስን በወፍራም የቆሻሻ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ፣ አየሩን ተጭናችሁ አስወጡ፣ አፉን አጣምራችሁ ወደ ታች እጠፉና በላስቲክ እሰሩት። ከዚያ ወደ ሻንጣው ይግባ። አየሩን ማስወጣቱ ለቦታ ብቻ አይደለም። በአየር የተነፋ ላስቲክ መኪናው በዘለለ ቁጥር እየተጨመቀና እየተለቀቀ እንደ ወናፍ ይሠራል። የመኝታ ከረጢትና ትራስ በዚህ በኩል ከሁሉ የከፉ ናቸው፣ ስለዚህ አጥብቃችሁ ጨምቋቸው። አፉን ጠቅልሎ የሚቆለፍ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ካላችሁማ ሦስት ጊዜ ጠቅልሉት፣ ሌላ አያስፈልግም።

ካሜራ። ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳው ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩ ከፊት መቀመጫ ሥር። ከኋላ አይደለም። መኪናው ውስጥ ሌንስ አትቀይሩ። አቧራ ከገባ በጨርቅ አትጥረጉት፣ አፈሩ መስታወቱን ይጭረዋል። በትንሽ የጎማ መንፊያ ንፉት። ዳሎል ላይ ጨዉ አለ። የጨው ብናኝ እርጥበት ይስባል፣ ብረት ያዝጋል። እንግዳ ከጨዉ ሜዳ ሲመለስ ቦርሳውን ውጭ አራግፎ ይግባ።

ምግብ። አያቶቻችን ይህን ጨርሰውት ነበር። አገልግል በቆዳ የተለበጠ ነው፣ ክዳኑ ጠልቆ ይገጥማል፣ በጠፍር ይጠፈራል። አሁንም ለአንድ ቀን መንገድ ከፕላስቲክ ዕቃ አላሳንሰውም። ለረጅም ጉዞ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ስኳር በታጠበና በደንብ በደረቀ ሀይላንድ ውስጥ አድርጉ፤ ክዳኑ ስለሚሽከረከር አቧራ አያልፈውም። ድርቆሽ ሰፊ አፍ ያለው ማሰሮ ይፈልጋል። ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት አንገቱን ጥረጉ፣ አለዚያ በሶው በአፈር ይበጠበጣል።

ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ ገንዘብ በአንድ ላስቲክ፣ ክሩስኮቱ ሳጥን ውስጥ። ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ፖርቶመጋላ ላይ

ጣሪያው ላይ ያለው መጫኛ ከኋላው ይሻላል፣ የራሳችሁን አቧራ ያን ያህል አይበላም። የሚበላው የቀደሟችሁን ነው። የዳሎልና የኤርታሌ ፍራሽ የሚጫነው እዚያ ላይ ነው። ችግሩ ሸራው ነው። ላላ ያለ ሸራ በንፋስ እየተርገበገበ አቧራውን ወደ ውስጥ ያራግባል። ፍራሹን መጀመሪያ በላስቲክ ለብቻው አሽጉ፣ ከዚያ ሸራውን ከፊት በኩል አስጀምራችሁ ጠርዙን ከዕቃው ሥር አስገቡ። የሸራው መጋጠሚያ ወደ ኋላ ይሁን። ገመዱን በመስቀል እሰሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ፤ ዕቃው በመዝለል ይደላደልና ገመዱ ይላላል።

መንገድ ላይ

የሰው አቧራ አትብሉ። በቡድን ስትነዱ የፊተኛው ደመና እስኪሰክን ርቀት ጠብቁ። ንፋሱ ከጎን ከሆነ ትንሽ ርቀት ይበቃል፣ ከፊት ወይም ከኋላ ከሆነ ብዙ ያስፈልጋል። በአፋር ሜዳ፣ መንገዱ ሰፊ በሆነበት፣ ሹፌሮች ጎን ለጎን ተበትነው ሲነዱ ያያችሁት ለውድድር መስሏችሁ ከሆነ ለአቧራው ነው። ቀዝቀዝ ያለው የማለዳ ሰዓት ጤዛ ካለ መሬቱን ይይዝላችኋል። ፍጥነት ስትቀንሱ አቧራው ይቀንሳል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያደርገውም፣ እኔም ጨምሮ።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ግን መኪናው ሲቆም ነው። ቁም ስትሉ ከኋላ ሲከተላችሁ የነበረው ደመና አይቆምም። መጥቶ ያልፋችኋል። በዚያች ቅጽበት ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ውኃ ሊያወጣ የኋላውን በር ይከፍታል። ቀኑን ሙሉ የተከላከላችሁት አቧራ በአንድ ጊዜ ገባ። ቆማችሁ ቁጭ በሉ፣ ደመናው ይለፍ፣ ከዚያ ክፈቱ። ከመክፈታችሁ በፊት የበሩን ላይኛ ጠርዝና እጀታውን በብሩሽ ጥረጉ፤ እዚያ የተከመረው በሩ ሲከፈት ወደ ዕቃው ነው የሚወርደው። ውኃ፣ ሶፍትና የመንገድ ምግብ ደግሞ ከፊት ይሁኑ። የኋላ በር በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚከፈት ከሆነ አስተዳደራችሁ ጥሩ ነው።

ስትመለሱ

መኪናውን ቀጥታ ወደ ላቫጆ አትውሰዱት። ደረቅ አቧራ ላይ ውኃ ከፈሰሰበት ጭቃ ሆኖ በየስንጥቁ ይጋገራል። መጀመሪያ ዕቃውን ሁሉ አውርዱ፣ ከላይ ወደ ታች በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ በቫኩም ሳቡ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የምትጠቀሙ ከሆነ ንፋሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፣ በሮች ሁሉ ተከፍተው። ወደ ጎሚኒው ከተነፋ አሸዋውን ከሥሩ ይከትተዋል። የሞተሩን የአየር ፊልተርም በዚያው እዩት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጠመኔ ይዛችሁ አንዴ ዙሩ። ምንጣፉን አንሱ፣ ጅራቱ የቀጠነውን የአቧራ መስመር ፈልጉ፣ ጫፉ ላይ ምልክት አድርጉ። የላቫጆው ልጅ ውኃውን ከለቀቀ በኋላ በየት እንደገባ የሚነግራችሁ አይኖርም።